የክልል ዝርዝር በኮድ ውስጥ አይቸንከር፦ ስለ ሲቪል ምዝገባ ሲስተሞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር የዕቅድ፣ የግዥ፣ የሰው ሀብትና የአይሲቲ ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ኮድ የማጽዳት ሥራ ከዓመት ዕቅድ መሰረዙ እንዲታረም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ፣ የነዋሪነት መታወቂያና የአገልግሎት ክፍያ የሚሠራባቸውን ሲስተሞች የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳነው፣ ከመካከላችን የተወሰኑት በሚያገለግሉበት አንድ መሥሪያ ቤት የወጣው የዓመት ዕቅድ ኮድ የማጽዳትን ሥራ በሙሉ ስለሰረዘው ነው። ሰነዱ ሥራዎችን በሥነ ልቦና ሊቁ በማስሎው የፍላጎት ፒራሚድ (የሰውን ፍላጎት ከታች ወደ ላይ በእርከን በሚደረድር ሥዕል) ደልድሏቸዋል። ከታች «መሠረታዊ ፍላጎት» በሚለው እርከን አዳዲስ ፎርሞችና ሪፖርቶች ሰፍረዋል። ጫፉ ላይ ደግሞ «የኮድ ጥራት ማሻሻል» ተጽፎ፣ አጠገቡ «የታችኞቹ ሲሟሉ ይታያል» የሚል ማስታወሻ ተቀምጦለታል። በጀት አልተያዘለትም፤ ሰውም አልተመደበለትም። በሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ባልደረቦቻችንም ፒራሚዱ ባይሳልላቸውም ተመሳሳይ መልስ ነው የሚሰጣቸው። ጉዳዩን በግልጽ ለሁላችሁም ያቀረብነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮድ ማጽዳት፣ በሙያው ቋንቋ ሪፋክተሪንግ፣ ሲስተሙ ለተጠቃሚው የሚሰጠውን ውጤት ሳይነኩ የውስጥ አሠራሩን ማስተካከል ነው። በአምስት ቦታ የተደገመው በአንድ ቦታ ይጻፋል፤ ማንም የማይጠራው ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይሰረዛል፤ ሰባት ሥራ የሚሠራ አንድ ፋይል በየሥራው ይከፋፈላል። ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ አዲስ ነገር አያይም። ስለዚህ በሩብ ዓመት ሪፖርት ለማሳየት ያስቸግራል፤ ከዕቅድ ለመሰረዝም ይቀላል። የሶፍትዌርን ዕድገት ለረጅም ዓመታት ያጠናው ማኒ ሌማን እንዳስቀመጠው ግን፣ አገልግሎት ላይ ያለ ሲስተም እየተለወጠ በሄደ ቁጥር፣ ሆን ተብሎ ካልተቀነሰ በስተቀር ውስብስብነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ፕሮግራመሩ ዋርድ ከኒንግሃም በ1992 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ከዕዳ ጋር አመሳስሎታል፤ ሳይጸዳ የቀረ ኮድ በላዩ ላይ በሚጨመር እያንዳንዱ ሥራ ወለድ ያስከፍላል። የእኛ ሲስተሞች ወለዱን የሚያስከፍሉት ግን መሥሪያ ቤቱን ብቻ ሳይሆን መስኮት ላይ የቆመውን ባለጉዳይም ነው።

ከሁሉ በፊት የምናነሳው የክልሎችን ዝርዝር ነው። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከዚያ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እናቀርበዋለን።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 1 ዘጠኝ ክልሎችን በስም ይዘረዝራል። ብዙዎቹ ሲስተሞች ሲሠሩ ይህ ዝርዝር እንዳለ ተገልብጦ ኮዱ ውስጥ ገባ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሲጨመሩ 11 ሆነ። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ግን በክልሎቹ ውስጥ ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በማንኛውም ጊዜ የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 3 ሥነ ሥርዓቱን ያስቀምጣል፦ ጥያቄው በብሔሩ፣ በብሔረሰቡ ወይም በሕዝቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቶ ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ በአብላጫ ድምፅ ሲደገፍ ሥልጣኑን ያስረክባል፤ አዲሱም ክልል ማመልከት ሳያስፈልገው በቀጥታ የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። ሕጉ ዝርዝሩንና ዝርዝሩ የሚለወጥበትን መንገድ አንድ ላይ ጽፎታል። ኮዱን የጻፈው ዝርዝሩን ወስዶ መንገዱን ተወው።

የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደ፤ ርክክቡም ሰኔ 11 ቀን 2012 ተፈጸመ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ተሰጥቶበት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተመሠረተ። ጥር 29 ቀን 2015 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሥራ ጀመሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ዝርዝሩ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። በአንድ ሲስተም ውስጥ ዝርዝሩ በምዝገባ ፎርሙ ድሮፕዳውን (የመምረጫ ዝርዝር)፣ በሪፖርት ማውጫው፣ በክፍያ ማስያው፣ በምስክር ወረቀት ማተሚያውና በሞባይል መተግበሪያው ለየብቻ ተጽፎ ይገኛል። አራቱ ተስተካክለው አምስተኛው ሲረሳ፣ መዝጋቢዋ ሲዳማን መርጣ ያስገባችው ልደት በምስክር ወረቀቱ ላይ የክልሉ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታተማል። ማኅተም ከተመታበት በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚታየው።

የመለያ ቁጥሮቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በስታቲስቲክስ ሥራ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት የክልል ቁጥሮች ከ1 እስከ 7 ከሄዱ በኋላ ወደ 12 ይዘላሉ፦ 12 ጋምቤላ፣ 13 ሐረሪ፣ 14 አዲስ አበባ፣ 15 ድሬዳዋ። ክፍተቱ የመጣው በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ከተቋቋሙት 14 የሽግግር ዘመን ክልሎች ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተዋህደው አንድ የደቡብ ክልል ስለሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ «ክልል 14» ትባል የነበረውም በዚሁ አቆጣጠር ነው። ይህን ያላወቀ ፕሮግራመር 11 አስተዳደሮች ስለነበሩ ከ1 እስከ 11 የሚዞር ሉፕ (በየቁጥሩ የሚደጋገም የኮድ ክፍል) ጽፏል። በእሱ የሚወጣው ሪፖርት ከ8 እስከ 11 አራት ባዶ መስመሮች ያወጣል፤ ጋምቤላን፣ ሐረሪን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ደግሞ ከነጭራሹ አያካትትም። የአገር ድምሩ ሲጎድል ሰው የሚጠረጥረው መዝጋቢዎቹን ነው እንጂ ሉፑን አይደለም። አስተዳደራዊ ወሰንና ስያሜ ሲለወጥ በ2012 የመጀመሪያው እንዳልነበረ ይህ ክፍተት ራሱ ይመሰክራል።

በስም መፈለግም አያዋጣም። «ደቡብ» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ አውጣ የሚል ጥያቄ ደቡብ ምዕራብንና ደቡብ ኢትዮጵያን ይቀላቅላል፤ የአድራሻው ጽሑፍ በአንድ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ተጠቅልሎ ከተያዘማ ደቡብ ወሎንና ደቡብ ጎንደርንም ይዞ ይመጣል።

ከሁሉ የከፋው በክፍያ ማስያው ውስጥ ያለው ነው። ክልሎች የራሳቸውን ግብርና የአገልግሎት ክፍያ የመወሰን ሥልጣን ስላላቸው፣ ኮዱ «ክልሉ ይህ ከሆነ ይህን አስላ፣ ያ ከሆነ ያንን አስላ» እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ «ከእነዚህ ውጭ ከሆነ» የሚል መስመር አለው። ጸሐፊው ዘጠኙንና ሁለቱን ከጨረሰ በኋላ ሌላ ይመጣል ብሎ ስላላሰበ፣ እዚያ ላይ ወይ ዜሮ ወይ የአንዱን ከተማ ታሪፍ አስቀምጧል። አዲስ ክልል ሲጨመር ሲስተሙ ስህተት አያሳይም። ዝም ብሎ የሌላ አስተዳደር ታሪፍ ያስከፍላል። ትክክለኛው አሠራር የማይታወቅ ክልል ሲመጣ ሥራውን ማቆምና «ታሪፍ አልተመዘገበም» ብሎ መናገር ነው። የሚስተካከለው አንድ መስመር ነው፤ በስንት ፋይል ተደግሞ እንደተጻፈ ለማወቅ ግን ኮዱን በሙሉ ማበጠር ይጠይቃል፤ የተከለከልነውም ይኸው ነው።

የጊዜ ጉዳይ ይቀጥላል። በ2010 ሐዋሳ የተወለደ ልጅ የልደት መዝገብ በዚያን ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መዝገብ ነው። ዛሬ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ናት። በምስክር ወረቀቱ ላይ የትውልድ ክልል ምን ይባል? ይህ ሕግ አውጪው የሚመልሰው ጥያቄ ነው እንጂ የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን አሁን በአስቸኳይ የሚደረገው ነገር፣ ዳታቤዙ ላይ በአንድ ትእዛዝ የድሮውን መለያ በአዲሱ መተካት ነው። ያ ትእዛዝ የቀድሞውን እውነት ይደመስሰዋል። ከ2012 በፊት የተሰጠው ወረቀትና ዛሬ ከሲስተሙ የሚወጣው ቅጂ አይገጥሙም፤ ፓስፖርት ለማውጣት ወይም ውርስ ለማረጋገጥ የሄደ ሰው ሁለት የተለያየ ክልል የያዘ ማስረጃ ይዞ ይቆማል። ሳይተካ ቢቀር ደግሞ የዛሬ አድራሻው በሌለ ክልል ይጻፋል። መፍትሔው ሁለቱንም መያዝ ነው፦ አንድ የአስተዳደር እርከኖች ቴብል (ሠንጠረዥ)፣ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ትርጉም አልባ መለያ፣ ስም፣ የበላይ እርከን፣ «ከ» እና «እስከ» የሚሉ ቀናት፣ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥርና ተተኪው። ከዚያ «በዚህ ቀን ይህ ወረዳ በማን ሥር ነበር» ብሎ የሚመልስ አንድ ፋንክሽን ብቻ ይጻፋል፤ ሁሉም ሞጁል (የሲስተሙ ክፍል) እሱን ይጠይቃል።

«የበላይ እርከን» የሚለው ላይም መቆም አለብን፤ የክልል ሕገ መንግሥቶች አንድ ዓይነት መዋቅር አይደለም ያላቸው። ኮዶቻችን ወረዳ ሁሉ ዞን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ልዩ ወረዳ ግን ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልሉ ነው፤ በአማራና በአፋር አርጎባ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማኦና ኮሞ ይገኛሉ። ኮዱ ስለማይቀበላቸው «ልዩ» የሚባል የሌለ ዞን ተፈጥሮላቸዋል፤ በዚህም የዞን ቁጥር በሪፖርት ላይ ይበዛል። በደቡብ የነበሩት ልዩ ወረዳዎች ወደ ዞን ሲያድጉ ስማቸውን የለወጡም አሉ፤ አማሮ ኮሬ ዞን፣ ደራሼ ጋርዱላ ዞን ሆነዋል። ስምን መለያ ያደረገ ሲስተም እነዚህን አዲስ የተወለዱ ቦታዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በአዲስ አበባ ደግሞ ዞን የለም፤ ክፍለ ከተማ በዞን ኮለም ውስጥ ይቀመጣል፣ በፎርሙ ላይም «ዞን» ተብሎ ይነበባል።

በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች በክልሉ ሕገ መንግሥት የተቋቋመ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ የሥራ ቋንቋቸውንም ይወስናሉ። ሌሎቹ የክልሉ ዞኖች እንዲህ አይደሉም። በሐረሪ ክልል ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ሁለቱም የሥራ ቋንቋ ናቸው። የእኛ ሲስተሞች ግን ለአንድ ክልል አንድ ቋንቋ የሚል ኮለም ነው ያላቸው። ስለዚህ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተማ በሆነችው ከሚሴ የሚታተመው ወረቀት የክልሉን ቋንቋ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ አፋን ኦሮሞው በእጅ ይጻፍበታል። ቋንቋ ከክልል ጋር ብቻ ሳይሆን ከየአስተዳደር እርከኑ ጋር፣ ከአንድ በላይ ሆኖ መያያዝ አለበት። ይህን ለማስተካከል አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ሕጉ አለ፤ ኮዱ ነው ያላነበበው።

ሁለተኛው አቤቱታችን ስለ ስም ነው። የሕፃናትን መብት የሚደነግገው አንቀጽ 36 ከሕይወት መብት ቀጥሎ የሚያነሳው ስምና ዜግነት የማግኘት መብትን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) እያንዳንዱ ሦስት ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ ባዶ ቦታ ግን አንድ ባይት ብቻ ነው። የስም ኮለም ርዝመት በባይት ተቆጥሮ 50 ከተባለ 16 ፊደልና ሁለት ባዶ ቦታ ይበቃዋል፤ ከዚያ ያልፋል። «ገብረ እግዚአብሔር ወልደ ሥላሴ» የሚል ስም 16 ፊደልና ሦስት ክፍተት ነው፤ 51 ባይት ይመጣል። በአንድ ባይት አለፈ። አንዳንዱ ሲስተም አይቀበልም፤ አንዳንዱ «ሴ»ን ቆርጦ ይቀበላል። መዝጋቢው ሰልፉ ስለረዘመበት «ገ/እግዚአብሔር» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ይጠራል። ልደት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ «ሲስተሙ አይቀበልም፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» የተባሉ ወላጆች ጊዜው ሊያልፍባቸው ይችላል። ኮለሙ በፊደል ብዛት እንዲቆጠር ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ያንኑ ርዝመት በየራሳቸው ደግመው የጻፉ ፎርሞችን፣ ሪፖርቶችንና ማስተላለፊያዎችን ማግኘት ነው ሳምንታት የሚፈጀው።

በፍለጋ ጊዜ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ የሚፈጥሩትን መደናገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መዝጋቢው «ፀሐይ» ብሎ ያስገባው «ጸሃይ» ሲባል ስለማይገኝ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው፣ መፍትሔው የሰዎችን ስም ወደ አንድ ፊደል መለወጥ አለመሆኑን ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ የተስተካከለ ኮለም ከጎኑ ይያዛል። «ዳታ ማጽዳት» በሚል ስም ዋናው ስም ተሽሮ ያየንበት ቦታ አለ፤ ያ ማጽዳት አይደለም።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አጠር አድርገን እንናገር። ቀን የሚለውጠው ፋንክሽን በየሞጁሉ ተደግሟል። አንዱ ቅጂ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት ይደምራል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ግን ልዩነቱ ሰባት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2009 የተወለደ ልጅ በዚህ ስሌት አንድ ዓመት ያንሳል፤ በመስከረም 2017 ሰባት ዓመት ሞልቶት ሳለ ስድስት ተብሎ ከአንደኛ ክፍል ይመለሳል። ሌላው ቅጂ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለዱትን አይቀበልም፤ መዝጋቢዎቹ መስከረም 1 ቀን 2016 ብለው ያስገቧቸዋል። አንድ ፋንክሽን፣ አንድ ቦታ፣ ከነቴስቱ (ትክክለኛነቱን ከሚፈትሸው ሙከራ ጋር) ቢኖር ሁለቱም አይፈጠሩም ነበር።

አሁን ወደ ፒራሚዱ። አብርሃም ማስሎው በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የለም፤ ሥዕሉን በኋላ የሥራ አመራር አስተማሪዎች ናቸው ያሰራጩት። የታችኛው ሙሉ በሙሉ ሳይሟላ የላይኛው አይነሳም ማለትን ማስሎው ራሱ ስህተት ነው ብሎታል። ለማስረዳት ያህል በግምት ባስቀመጠው ምሳሌ፣ አንድ ተራ ሰው የአካል ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ የደኅንነት 70፣ የፍቅር 50፣ የክብር 40፣ ራስን እውን የማድረግ ደግሞ 10 በመቶ ሊሟላለት ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በከፊል ይኖራሉ። «የታችኞቹ ሲሟሉ ይታያል» የሚለው ማስታወሻ እንግዲህ ከእሱ የመጣ አይደለም።

ከዚህም በላይ ማስሎው መሠረታዊ ፍላጎቶች ይሟሉ ዘንድ ቀድመው መኖር ያለባቸውን ሁኔታዎች ሲጠቅስ፣ ከነጻነቶች ጋር ፍትሕን፣ ሐቀኝነትንና ሥርዓትን ይጨምራል። የደኅንነት ፍላጎትንም ሲያብራራ፣ ሰው ነገሮች በሥርዓት የሚሄዱበትን፣ ነገ ምን እንደሚሆን ሊገመት የሚችልበትን ዓለም እንደሚሻ ይናገራል። የልጁ ልደት ባዶ ክልል ተጽፎበት የወጣ አባት፣ ስሟ ተቆርጦ የታተመ እናት፣ ድሮፕዳውኑ ስላልተቀበለላት መኖሪያዋ «ሌላ» ተብሎ የተመዘገበ ነዋሪ፣ የተነካባቸው ደኅንነት፣ አባልነትና ክብር ነው። የዕቅድ ሰነዱ የኮድ ጥራትን ጫፍ ላይ ሲያስቀምጠው የተሳሳተው ፍላጎቱ የማን እንደሆነ ነው። ሥራው የፕሮግራመሩን እርካታ የሚያገለግል መስሎታል። የሚያገለግለው ባለጉዳዩን ነው፤ እሱንም ከታች ጀምሮ።

የእኛንም ፍላጎት አንደብቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው በሥራው ላይ ተነሳሽነቱን የሚጠብቁለትን ሦስት ነገሮች ያስቀምጣሉ፦ በራሱ የመወሰን፣ ብቁ ሆኖ የመገኘትና ከሌሎች ጋር የመተሳሰር ፍላጎት። የጥገና ሠራተኛ በውጤት ተኮር ምዘና የሚለካው በአዳዲስ ፎርሞች ብዛት ነው፤ የተደገመ ኮድ የሰረዘ ሰው ዜሮ ያገኛል። ማንም የማይጠራውን ፋንክሽን ለመሰረዝ እንኳ ሥልጣን የለውም። ቴስት በሌለበት ሲስተም ላይ አንዱን ሲነካ ሌላው ይሰበር እንደሆነ ማወቅ ስለማይችል ብቃቱን ራሱ ይጠራጠራል። ስህተቱ የወጣው ሰኔ 30 ማታ በበጀት መዝጊያ ከሆነ፣ ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ ስልኩ የሚደወለው ለእሱ ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሰው ሲለቅ ደመወዝ ብቻ ነው ምክንያቱ ይባላል። ደመወዙም ምክንያት ነው፤ የሚለቀው ግን የሲስተሙን እውቀት በጭንቅላቱ ብቻ ይዞ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁት ኃላፊዎች በአጭሩ እናስረዳ፤ ብዙ ጊዜ የሚከለከለው ሲስተሙን ያቆመዋል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ይወሰዳል፤ ባክአፑም በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መነሳቱ ይረጋገጣል፤ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ የመዝገብ ዓይነት ናሙና ይወሰዳል። ለሙከራ ሁለት መቶ መዝገብ ይበቃል፤ ልዩ ወረዳ፣ ጳጉሜን 6፣ ረጅም ስምና ከ2012 በፊት ሐዋሳ የተመዘገቡ ሆን ተብለው ይካተታሉ። አሮጌው ኮድ የሚሰጠው ውጤት፣ ስህተቱም ጭምር፣ እንዳለ ይያዛል። ይህ ውጤት ከዚያ በኋላ መለኪያ ነው፤ ስህተት የሆነው ውጤት የሚለወጠው ተለይቶ፣ ተፈርሞበት ነው እንጂ በመንገድ ላይ ሳይታወቅ አይደለም። ከዚያ የክልል ስምና ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ሁሉ ተፈልጎ ይዘረዘራል። አዲሱ ቴብልና ፋንክሽን ይጻፋሉ። ቦታዎቹ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ቴስቱ ይሮጣል። በዚህ መሐል አዲስ ፎርም አይጨመርም፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሲስተሙ ሲሰበር ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ አብዛኞቹ የከሸፉ የማጽዳት ሥራዎች የከሸፉት እዚህ ላይ ነው። አሮጌውና አዲሱ ስሌት ለአንድ ወር ጎን ለጎን ሮጠው ልዩነታቸው በየቀኑ ይነበባል። በመጨረሻ አሮጌው ይሰረዛል። «ለማንኛውም» ተብሎ ከተተወ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው መልሶ ይጠራዋል። ይህ ሁሉ ሲሠራ መስኮቱ አንድ ቀንም አይዘጋም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ኮድ የማጽዳት ሥራ በዕቅዱ ውስጥ ስሙ ተጽፎ፣ ከጥገና ሰዓት ቢያንስ አራተኛው እጅ ይመደብለት፤ በውጤት ተኮር ምዘናውም የተሰረዘ ድግግሞሽና የተጻፈ ቴስት እንደ አዲስ ፎርም ይቆጠር።

የአስተዳደር እርከኖች ዝርዝር አንድ ባለቤት ይኑረው። የክልል ምክር ቤቶች አዲስ ክልል፣ ዞን ወይም ወረዳ የሚያቋቁም ወይም የሚሰይም አዋጅ ሲያወጡ፣ የእርከኖቹ ሠንጠረዥ የሚጸናበትን ቀን ይዞ ከአዋጁ ጋር በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ይውጣ። አዋጁ ሥራ ላይ ከመዋሉ 60 ቀን ቀደም ብሎ ቢደርሰን፣ በመጀመሪያው ቀን ትክክለኛ ወረቀት ይታተማል። ወሰኑ ከመለወጡ በፊት በተፈጸሙ ልደቶች ላይ የትኛው ክልል እንደሚታተም ምክር ቤቶቹ በግልጽ ይደንግጉ፤ እስኪደነግጉ ድረስ የቀድሞ መዝገቦችን በጅምላ መተካት ይታገድ።

በግዥ ሰነድ ላይ ሻጩ የኮዱን ሙሉ ታሪክ፣ ቴስቶቹንና የዳታቤዙን መግለጫ እስካላስረከበ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ የሚል አንቀጽ ይግባ። ዛሬ የሚረከበው ፕሮግራሙ ብቻ ስለሆነ፣ ውሉ ባለቀ ማግስት ማንም ሊነካው አይችልም።

ድሮፕዳውኑ ስላልተቀበላቸው «ሌላ» ተብለው አድራሻቸው በማስታወሻ መስመር ላይ የተጻፈላቸው ነዋሪዎች መዝገብ ተለይቶ ይስተካከል፤ ስማቸው የተቆረጠና የተወለዱበት ቀን የተሳሳተ ሰዎችም ማስተካከያውን ያለ ክፍያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያግኙ። ስህተቱ የእነሱ አይደለምና። ይህን የሚሠራ ቡድን ዛሬ ቢመደብ፣ የተጎዱትን መዝገቦች የሚያወጣውን ጥያቄ ጽፈን ለማስረከብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሲቪል ምዝገባና የነዋሪዎች አገልግሎት ሲስተሞች የጥገና ፕሮግራመሮች፣ የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎችና የቴስት ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለክልል ምክር ቤቶች ጽሕፈት ቤቶች
ለክልል የሲቪል ሰርቪስ የምዘና ሥራ ክፍሎች